ቡቺ፣ ኪራይ አልከፈልክም!

ከአከራያችን ከእትዬ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግረን አናውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ። ጠዋት በሬን ስከፍት «ደህና አደርክ ልጄ? ብርዱ እንዴት አደረገህ?» ይሉኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» እላለሁ። ንግግራችን እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረውን ሁሉ ለቡቺ ነው የሚነግሩት።

ቡቺ የግቢው ውሻ ነው። ወሩ አልቆ ሦስት ቀን ካለፈ እትዬ ምጣዳቸውን በማሰሻ እያሰሱ ይጀምራሉ።

«አንተ ቡቺ! ቀኑ ስንት ሆነ? በልቶ መተኛት ብቻ! ሰው እኮ ቃሉን ያከብራል!»

ቡቺ ጆሮውን ጥሎ ያያቸዋል። እኔ ሻዬን ይዤ መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ።

«ሌሊቱን ሙሉ መብራት የምታበራውስ? ቆጣሪው የአባትህ ነው?»

ውሻ መብራት አያበራም። ግን ይሄን ወጥቼ ብናገር ማን እንዳበራ ልናገር ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እኛ ግቢ ዳውላው ጭራ አለው። ቅኔ ነው ካላችሁም ሰሙ ቡቺ፣ ወርቁ እኔ ነኝ። (ወርቅ የተባልኩበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ብዙም አልከፋኝም።)

ዘዴው የእትዬ ብቻ አይደለም። ከጎኔ የተከራዩት ሁለት ሴቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ተኳርፈዋል። አንደኛዋ ዶሮ አላት። «እሽ! የሰው ገመድ ላይ ምን አወጣሽ? ነውር አታውቂም?» ትላታለች። ዶሮዋ መሬት ላይ ጥሬ እየለቀመች ነው። ገመዱ ላይ ያለው የጎረቤትዋ አንሶላ ነው። ባለ አንሶላዋ ደግሞ ድመቷን ታቅፋ ትወጣለች። «ውሮዬ፣ አንቺ እንኳ ዝም ማለት ታውቂያለሽ።» ዶሮና ድመቷ እርስ በርስ ምንም ጠብ የላቸውም።

መንገድ ማዶ ያለው ቪላ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለው ውሻ አማርኛ አይሰማም። «ሲት!»፣ «ካም!»፣ «ስቴይ!» ነው። ዘበኛው ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ የጀመሩት በውሻው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጥሶ ጥርሱን እያሳየ ሲመጣባቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው «ሲት ይበሉ እባክዎ!» አሉት። ባለቤቱ ዘበኛውን የሚጠራው አንተ እያለ ነው።

ነገሩን ሳስበው የእንስሳ ስም ድሮ ክብር ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ጀግና በፈረሱ ይጠራል። በዚህ ስሌት እኔም አባ ቡቺ ሳልሆን አልቀርም።

ስለ ፈረስ ካነሣን በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል አንድ ጉደኛ ነበር። ጌታው ቮን ኦስተን የሂሳብ መምህር ነበሩ። ፈረሱን ሂሳብ ሲጠይቁት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥራል። በ1904 እንደ ፈረንጆቹ ኮሚቴ ተቋቋመ። (ለሁሉም ነገር ኮሚቴ የምናቋቁመው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) ኮሚቴው መርምሮ ማታለል አላገኘም። በኋላ ኦስካር ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ ነገሩን ደረሰበት። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም። ፈረሱ የሚያነበው ቁጥር ሳይሆን ሰውየውን ነው። ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ ሳይታወቀው ትንሽ ቀና ይላል። ሃንስ ያቺን አይቶ እግሩን ያቆማል።

ሂሳብ አይችልም ማለት ነው፣ እሺ። ግን እኔ ቢሮ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የአለቃ ቅንድብ ሲነሣ እግሩን በማቆም ብቻ ዕድገት ያገኘ ሰው አውቃለሁ። ኮሚቴ የመረመረው የለም።

ባለፈው ወር እትዬን ጉንፋን ያዛቸው። ድምፃቸው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ ግቢው ጸጥ አለ። እፎይ ብዬ ሻይ ጣድኩ።

በሩ ተቧጠጠ። ስከፍት ቡቺ ነው። ጭራውን አልቆላም። ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ቀና ስል እትዬ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቡቺን ያያሉ። እኔን አላዩኝም።

«ቡቺዬ፣ ደሞዝ የሚገባው ማክሰኞ ነው» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ቡቺ ዞሮ እትዬን አየ። እትዬ አንድ ቅንድባቸውን አነሡ።

ቡቺ እዚያው ደፉ ላይ ተጋድሞ ተኛ።