በሐኪም ሚዛን እኩል የሆነው በጓዳ ሚዛን እኩል አይደለም

የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ ማለትም የተለመዱት መድኃኒቶች የማይበግሩት ቲቢ፣ እንደያዘው ተነገረውና ሃያ ወር ታከመ። ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ወር ከእሑድ በቀር በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌውም፣ ክኒኑም፣ ምርመራውም ነጻ ነው፤ አንድም ቀን ለመድኃኒት ሳንቲም አልጠየቁትም። ባለቤቱ ግን በልጃቸው የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ወጪ ትጽፍ ነበር። ደብተሩን አይቼዋለሁ። ታክሲ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ታክሲ፣ እንቁላል፣ ታክሲ፣ «ከእትዬ ብድር»፣ ታክሲ። ክኒኑ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያስመልሰው ስለነበር እንቁላሉ ለቅንጦት የተገዛ አይደለም። ልጆቹ ሽሮ እየበሉ አባታቸው እንቁላል የሚበላበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ደብተሩ ላይ ያልሰፈረው ግን ከሰፈረው ይበልጣል። ሸማኔ ዓመቱን የሚገፋው በበዓል ትእዛዝ ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚሠራው ጥበብና ኩታ የክረምቱን ቀለብ ይሸፍናል። የአክስቴ ልጅ በእነዚያ ሃያ ወራት ሁለት ጥምቀትና ሁለት ፋሲካ አመለጡት። በመጀመሪያው ዓመት ደንበኞቹ ጠበቁት፤ በሁለተኛው ሌላ ሸማኔ ፈለጉ። ባለቤቱም ፈትሏን ትታ እሱን ታስታምም ነበር። ይህን ማንም አልጻፈው፤ እሷም ብትሆን አልጻፈችውም።

ይህን የማነሣው ስለ አንድ ጥናት ለመናገር ነው። «ስትሪም» የተባለው ክሊኒካዊ ሙከራ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎልያ ተካሂዷል። በአገራችን የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ሃያ ወር በሚፈጀው ሕክምና ፋንታ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ወር በሚፈጅ ሕክምና ማዳን ይቻላል ወይ? 424 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ዙር ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲታተም፣ ረጅሙን ከወሰዱት 79.8 በመቶ፣ አጭሩን ከወሰዱት ደግሞ 78.8 በመቶ ጥሩ ውጤት እንዳገኙ ታወቀ። በሐኪም ቋንቋ አጭሩ ከረጅሙ አያንስም ማለት ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ አንድ የጤና ኃላፊ «ሁለቱም ያው ናቸው፤ የለመድነውን ለምን እንለውጣለን?» ሊል ይችል ነበር። ደግነቱ አጥኚዎቹ ከአክታውና ከራጁ ጎን ሌላም ነገር ይጠይቁ ነበር። ለመጓጓዣ ስንት አወጣህ? ለምግብስ? ስንት ሰዓት ሠራህ? በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ የተሰበሰበው ይህ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጣ። በእኔ ግምት ከፈውሱ አኃዝ ባልተናነሰ መነበብ ያለበት እሱ ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ሕመምተኛን በረጅሙ ሕክምና ለማከም የጤናው ሥርዓት የሚያወጣው 6,097 ዶላር ገደማ ሲሆን በአጭሩ ወደ 4,552 ዶላር ወረደ። ሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ ቅናሹ 21 በመቶ ነበር። ቁም ነገሩ ያለው ግን ቅናሹ ከየት እንደመጣ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከቅናሹ ሁለት ሦስተኛው የመጣው ከመድኃኒት ወጪ ነው። በእኛ አገር ትልቁ ድርሻ፣ 35 በመቶው፣ የመጣው ለሕመምተኞች ከሚሰጠው ማኅበራዊ ድጋፍ ነው። አንድ ዓይነት በሽታና አንድ ዓይነት ሕክምና በሁለት አገር ሁለት የተለያየ የወጪ መልክ አላቸው። የሌላ አገር የወጪ ጥናት ተውሰን እንደራሳችን ልንጠቀምበት የማንችለው ለዚህ ነው።

ወደ ጓዳ ስንገባ ደግሞ አጭሩን ሕክምና የወሰዱት ኢትዮጵያውያን ለተጨማሪ ምግብ የሚያወጡት ገንዘብ በአማካይ በ225 ዶላር ቀነሰላቸው። በተጠኑት 132 ሳምንታት ውስጥም ረጅሙን ከወሰዱት ይልቅ በአማካይ 667 ሰዓት የበለጠ ሠሩ። ይህን ቁጥር ሳነብ የአክስቴ ልጅ ፊቴ ድቅን አለ። በቀን ስምንት ሰዓት ብንል 667 ሰዓት ሰማንያ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ለሸማኔ የአንድ በዓል ገበያ ሙሉውን ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ታክሞ ቢጨርስ ኖሮ ሁለተኛው ጥምቀት ባላመለጠው፣ ደንበኞቹም በሌላ ሰው ደጅ ባልቆሙ ነበር። በሐኪሙ ሚዛን እኩል የተባሉት ሁለት ሕክምናዎች በእሱ ጓዳ ሚዛን ፈጽሞ አይገናኙም።

የምለው ይህ ነው። በአገራችን የሚካሄድ ማንኛውም ትልቅ ክሊኒካዊ ሙከራ የሕመምተኛውን ወጪና የሥራ ሰዓት ካልቆጠረ ሥራውን በግማሹ ትቶታል። ቲቢም ይሁን ካንሰር፣ የኩላሊት እጥበትም ይሁን የስኳር በሽታ፣ «ዳነ ወይስ አልዳነ» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ዳነና በምኑ ይኖራል? ላሙን ሸጦ የዳነ ገበሬና ላሙ በረት እንዳለች የዳነ ገበሬ በጥናቱ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያገኛሉ። መንደራቸው ግን ለይቶ ያውቃቸዋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች የወጪ ጥናት የመድኃኒት ዋጋ ማስላት ይመስላቸዋል። ከዚህ የከፋ ስሕተት አለ ብዬ አላምንም። የሆስፒታሉን መዝገብ ብቻ የሚያይ ጥናት ሕመምተኛውን ከአልጋ አስነሥቶ ወደ ቤቱ መላክን «ቁጠባ» ብሎ ይመዘግበዋል። አልጋው፣ ምግቡና ማስታመሙ ግን አልጠፉም፤ ወደ ሚስት፣ ወደ እናት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቀረች ሴት ልጅ ተሻገሩ እንጂ። ቤት ውስጥ መታከምን አልቃወምም፤ ብዙ ሕመምተኛ ይመርጠዋል። የምቃወመው ያልተቆጠረውን ወጪ እንዳልነበረ ማድረግን ነው።

ጊዜን ወደ ገንዘብ መለወጥም የራሱ ጣጣ አለው። የሰው ሰዓት በሚያገኘው ገቢ ሲተመን የድሃው ሰዓት ርካሽ ይሆናል፤ ደመወዝ የሌላት ሴት ሰዓት ደግሞ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ያቺ ፈትሏን የተወች ሴት በዚህ ሒሳብ ምንም አልከሰረችም ማለት ነው። የስትሪም አጥኚዎች የሥራ ሰዓቱን በሰዓትነቱ ማቅረባቸውን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሰዓት በሽሮ ሜዳም በቦሌም ስድሳ ደቂቃ ነው። ቀጣዩ እርምጃ የአስታማሚውን ሰዓት ጨምሮ መቁጠር ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ቲቢን ለመግታት ባወጣው ስልት እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ በቲቢ ምክንያት ቤተሰብን የሚያናጋ ወጪ የሚገጥመው አንድም ቤት እንዳይኖር አቅዶ ነበር። ቤተሰብን የሚያናጋ የተባለው ወጪና የጠፋ ገቢ ተደምሮ የቤቱን ዓመታዊ ገቢ 20 በመቶ ሲያልፍ ነው። በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከቲቢ ሕመምተኞች ቤት ግማሽ ያህሉ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ካለባቸው ደግሞ ከዐሥሩ ስምንቱ ከዚህ መስመር አልፈው ተገኙ። ሕክምናው በብዙ አገር ነጻ ሆኖ ሳለ ማለት ነው! እነዚህ ደግሞ ጤና ተቋም ደርሰው የተጠየቁት ናቸው። የታክሲ ስላጣ ቤቱ የቀረው ሰው ምንም አላወጣምና በቆጠራው የለም።

ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ጆሮ የሚያደነቁረው መርፌ ቦታውን ቤዳኪሊን ለተባለው ክኒን እየለቀቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የዓለም የጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ሕመምተኞች የስድስት ወር ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። አዲስ መድኃኒት ግን ሲመጣ ውድ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የሚገዛው መሥሪያ ቤትም ፊቱ የሚታየው የክኒኑ ዋጋ ነው። በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ ሰማንያ ሦስት የሥራ ቀን እንዳለ የሚነግረው ጥናት ከሌለ «አንችለውም» ቢል ልፈርድበት አልችልም።

አሳሳቢው ነገር የስትሪም ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱ ነው። የምርምር ገንዘብ ሲጠብ ቀድሞ የሚሰረዘው የጥናቱ ክፍል የትኛው እንደሆነ በዘርፉ ያሉ ያውቁታል፤ «ተጨማሪ» የሚባለው፣ የወጪው ክፍል ነው። ጥናት የሚያጸድቁት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎቻችን ይህን የማስቆም ሥልጣን በእጃቸው ነው። በሚመጣላቸው ንድፍ ላይ የሕመምተኛው ወጪና የሥራ ሰዓት፣ የአስታማሚውም ጭምር፣ እንዴት እንደሚቆጠር ካልተጻፈ መልሰው ይላኩት። የሚጨመረው ጥቂት ገጽ መጠይቅና የሚጠይቅ አንድ ሠራተኛ ነው። ሕመምተኛው እንደሆነ ለደም ምርመራ ተራ እስኪደርሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚጠይቀው ካገኘ ይናገራል።