ብየዳው ሳይሆን ዘይቱ ነው
ስለ ተርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ ዕቃ) እዚህ የወጣው ጽሑፍ «ለሞተር ሳይክል ተርቦ መግጠም ዋናው ሥራ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ቆርጦ መበየድ ነው» ይላል። በዚህ አልስማማም። እኔ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጥሩ በያጅ እዚህ ሞልቷል። ሥራውን የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ተሸክሞ የሚያቆየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፤ ሲመለስ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦ ሰፊና ቁልቁል መሆን አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ቦታ ስለሚጠብ ተርቦው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ያኔ ዘይቱ ቁልቁል መውረጃ ስለሚያጣ፣ የሚስበው ትንሽ ፓምፕ ካልተጨመረ በዘንጉ ዳር ሾልኮ ጭስ ማውጫ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሲቃጠል የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ ሲያዩ «ተርቦው ሞቷል» ብለው ደህናውን ዕቃ የሚጥሉ አሉ፤ በጣም ያሳዝናል። ከእኔ በላይ በሰጠኸው አስተያየት «አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተርቦ ይበልጥ ይጠቅማል» ያልከው ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ተርቦ የጎደለውን ይሞላል። ግን ተርቦ ልትገጥምበት ያሰብከውን ቦክሰር (የባጃጅ ኩባንያ ሞተር ሳይክል) እባክህ ተወው። በአየር ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ቤንዚኑም የሚገባው በካርቡሬተር (ሞተሩ በሚስበው አየር ኃይል ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚያቀላቅል ክፍል) ነው። ግፊት ጨምረህ ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተኑ ይቀልጣል። ሆንዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኤክስ 500 ተርቦ የተባለውን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ይዞ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ነዳጅ ጨምሮ፣ የሲሊንደሩንም የመጭመቅ ምጣኔ (አየሩና ቤንዚኑ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ከ10 ወደ 7.2 አውርዶ ነው።