የታካሚ ውጤት ማሽኑን ይቆጣጠር?

ክርክሩ የደም መመርመሪያ ማሽን በትክክል መሥራቱን በታካሚዎች ውጤት አማካይ እንከታተል ወይ የሚል ነው። ደጋፊው ቡሬ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ተቃዋሚው ደብረ ማርቆስ ጥራት ሲከታተሉ የኖሩ አንጋፋ።

ደጋፊ፦ ኮንትሮል፣ ማለትም ቁጥሩ ቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ናሙና፣ ጠዋት አንዴ እንሠራለን፣ ልክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እናምነዋለን። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ቢዛባስ ማን ያያል? የታካሚ ውጤት ግን ሳይቋረጥ ይመጣል፣ ያውም በነፃ። ቡል የተባለው ተመራማሪ ዘዴውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የ20 ታካሚ ኤምሲኤችሲ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ የሄሞግሎቢን ክምችት) አማካይ ከተለመደው በ3 በመቶ ከራቀ ማሽኑን ጠርጥር። አማካይ አይዋሽም።

ተቃዋሚ፦ "አማካይ አይዋሽም" አልክ ልጄ? ጥቅምት ላይ ከቆላው የወባ ታማሚ ሲጎርፍ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ሁሉ ይወርዳል። አማካይህ "ማሽኑ ተበላሸ" ይልሃል፣ አንተም ካሊብሬሽን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከያ) ትነካካለህ፣ ደህናውን ማሽን አበላሸኸው ማለት ነው። የኮንትሮል ቁጥር ቀድሞ የታወቀ ነው። የታካሚውን እውነተኛ ቁጥር ማን ያውቃል?

ደጋፊ፦ ፕላትሌት ማን አነሣ? ኤምሲኤችሲ ነው ያልኩት። ሄሞግሎቢን ለሄማቶክሪት (ቀይ ሴል በደም ውስጥ ላለው ድርሻ) ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ ከሰው ሰው ብዙም አይራራቅም፣ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ደግሞ ኮንትሮል ከሰው ክንድ አይቀዳም። ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ደም መንገድ ላይ ቢፈርስ ፖታሲየሙ ያሻቅባል፤ የእርስዎ ኮንትሮል ግን ፍሪጅ ውስጥ ተኝቶ "ሰላም ነው" ይላል። "ልጄ" የሚለውም ይቅርብኝ፣ እኔም ውጤት ላይ የምፈርም ሰው ነኝ።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ "ባለሙያው" ልበልህ። አማካይ አይዋሽም ያልከው ግን አለቀቀኝም። እሁድ ቀን ስንት ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ትሠራላችሁ? 20 ሰው እስኪሞላ ማሽኑ ሲስት ቢውል እነዚያ ሁሉ የተሳሳተ ወረቀት ይዘው ቤታቸው ገብተዋል። አንዷ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?

ደጋፊ፦ ኮንትሮል ይጣል አላልኩም እኮ። ከጎኑ ይሁን ነው የምለው።

ተቃዋሚ፦ አሁን "ከጎኑ" ሆነ? መጀመሪያ "በነፃ" ብለህ ነው የገባኸው! ይህን ቃል በጀት የሚይዘው ኃላፊ ቢሰማ የከርሞውን የኮንትሮል ግዢ ይሰርዘዋል። እኔ የምፈራው አንተን አይደለም፣ እሱን ነው።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ከእሱ ጋር ይከራከሩ፣ እኔን ለምን ይቆጡኛል? የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ኮንትሮሉ አልቆ ግዢው ሲጓተት ምን እናድርግ?

ተቃዋሚ፦ አትሥራ። ናሙናውን ወደኛ ላክ።

ደጋፊ፦ መንገድ በተዘጋ ቀንስ ጋሼ?

ተቃዋሚ፦ ያኔማ ኮንትሮሉ ሳያልቅ የሠራኸውን የትናንት ደም ከፍሪጅ አውጥተህ ድገመው። ሁለቱ ቁጥር ከተቀራረበ ትቀጥላለህ።

ደጋፊ፦ ይኼ እኮ የታካሚ ደም ነው! የታካሚ ውጤት!

ተቃዋሚ፦ የታካሚ ቢሆንም አማካይ አይደለም። የሚዋሸው አማካይ ነው።