የክብደት መቀነሻ መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ማቆሙ ጠይቁ

ሰው ሲከሳ የሚቀርብለት ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ነበር። ዛሬ «በስፖርት ነው በመርፌ?» ሆኗል። መልሱ «በመርፌ» ከሆነ ጠያቂው ፊት ላይ አንዲት ፈገግታ ብቅ ትላለች፤ ኮርጆ ያለፈ ተማሪ ሲያዩ የምትመጣው ዓይነት። ለደም ግፊቱ ክኒን የሚውጠውን ሰው ግን ማንም እንዲህ አያየውም።

ንቀቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። «ሆዳም» የሚለው ቃል ስድብ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ ውፍረትን ከጠባይ ጋር አጣብቀን ኖረናል። ሰውነት ግን በራሱ ሕግ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ምግብ እየሰጠ ክብደታቸውን አስቀነሰ። ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖቻቸው አሁንም ወደ ነበሩበት አልተመለሱም፤ ረሃባቸውም እንደበረታ ነበር። ሰውነት የወሰዱበትን ስብ እንደ አበዳሪ ይከታተላል። እንዲህ ያለውን ሰው «አፍህን ያዝ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ ለመካሪው።

ሴማግሉታይድ የገባው በዚህ መሐል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኦዜምፒክና ዊጎቪ በሚሉት የንግድ ስሞቹ ነው፤ የመጀመሪያው ለስኳር ሕመም፣ ሁለተኛው ለውፍረት የተፈቀደ። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ አንጎልን «በቃ» የሚለው አንዱ መልእክተኛ እሱ ነው። የተፈጥሮው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። መድኃኒቱ ግን እሱን መስሎ ቀናት ስለሚቆይ በሳምንት አንዴ መወጋት ይበቃል። ብዙ ተጠቃሚዎች ከክብደቱ በፊት የሚያወሩት ስለ ዝምታው ነው፦ ከቁርስ እስከ መኝታ ስለ ምግብ የሚጎተጉታቸው ሐሳብ ድንገት ጸጥ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው የሴማግሉታይድ ትልቅ ሙከራ ወደ 2,000 የሚጠጉ አዋቂዎች ለ68 ሳምንት ተከታተሉ። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀነሱ፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ሲሰጠው ነበር። 2.4 በመቶዋ እንግዲህ ምክር ብቻውን ያስገኘው ውጤት ናት ማለት ይቻላል። «የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ልማድ ብቻ ይበቃል» የሚሉ ወገኖቼ ይህችን ቁጥር ሳይመልሱ ባያልፉ ደስ ይለኛል።

የመርፌው አድናቂዎችም የሚመልሱት አለ። ከዚያው ሙከራ የተወሰኑት መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፤ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ይህ የመድኃኒቱ ክሽፈት አይደለም፤ የግፊት ክኒንም ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል። የሚያናድደኝ ሰው ይህን ሳይነገረው መጀመሩ ነው። «ለሦስት ወር ብቻ ልሞክረው» ብሎ የሚገባ፣ ኪሱም ሐኪሙም ለረጅም ጊዜ ያልተዘጋጁ ብዙ ነው።

የልማድ ቦታው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙዎቻችን ከምናስበው ቦታ የተለየ። ስፖርት ክብደት ለመቀነስ ደካማ መሣሪያ ነው፤ የቀነሰውን ለመጠበቅ ግን ጎበዝ ነው። በፍጥነት የሚከሳ ሰው የሚያጣው ስብ ብቻ አይደለም፤ ከጠፋው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጡንቻን የሚያካትተው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነው። ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው የሚመለሰው። በዴንማርክ የተሠራ ሙከራ 195 ሰዎችን መጀመሪያ በአመጋገብ በአማካይ 13 ኪሎ አስቀነሰ፤ ከዚያ ለአንድ ዓመት አንዱን ቡድን በስፖርት፣ ሌላውን ሊራግሉታይድ በተባለው የቀድሞ ትውልድ መርፌ፣ ሦስተኛውን በሁለቱም፣ አራተኛውን በማስመሰያ አቆየ። ሁለቱን ያጣመሩት በለጡ። ሁሉም ነገር ከቆመ ከዓመት በኋላም መርፌ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ስፖርት የጨመሩት ውጤታቸውን ጠብቀው ተገኙ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት መርፌው ጸጥታ እንደሚሰጥ ነው። ረሃብ በማይጮህበት በዚያ ጊዜ ፕሮቲን መብላትን፣ ክብደት ማንሳትን፣ በሰዓት መተኛትን ያልለመደ ሰው፣ ጩኸቱ ሲመለስ ምን ይዞ ይጠብቀዋል?

አምስት ኪሎ ለማራገፍ ብቻ የሚፈልጉትን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ተዉት። ለክብደት ሲታዘዝ የተለመደው መስፈርት ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) 30ና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ስኳርና ግፊት ያለ ተያያዥ ሕመም ካለ ከ27 ጀምሮ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ ለዚህም ነው ሴማግሉታይድ ከ0.25 ሚሊግራም ተነሥቶ በወራት ውስጥ ወደ 2.4 የሚያድገው። የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣትም ያጋጥማል። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አይወስደውም፤ ማርገዝ የምታስብ ሴት ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማ ታቆማለች። ከማኅበራዊ ሚዲያ በመልእክት የሚገዛውንማ ባላነሳው እመርጥ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክፍለ ዓለማት ስለተገኘ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ አስጠንቅቋል።

ሐኪም ቤት የሚደረገው ክትትል ብዙውን ጊዜ ሚዛን ላይ ወጥቶ መውረድ ነው። ቁጥሩ ከቀነሰ «ጎበዝ» ተብሎ ቀጣዩ ማዘዣ ይጻፋል። እኔ ብሆን ሚዛኑን ካየሁ በኋላ የጡንቻዬም ጉልበት እንዲታይ ወንበር ስጡኝ እላለሁ፦ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነሥቼ እንደምቀመጥ ይቆጠርልኝ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ከኪሎው ጎን ይጻፍልኝ።