ብርሃን ጠብቆ የሚያነሳ ፎቶግራፍ አንሺን «ዕድለኛ» ማለት ስድብ ነው

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ፎቶግራፍ ውድድር የመልክዓ ምድር ዘርፉን ከሽልማት ዝርዝሩ ሲሰርዝ፣ ከዳኞቹ አንዱ የሰጡት ማብራሪያ ከውሳኔው በላይ አስቆጥቶኛል። እንደ እርሳቸው አባባል ተራራውን ፎቶግራፍ አንሺው አልሠራውም፣ ብርሃኑም ለሁሉም እኩል የሚወጣ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ስለዚህ የሚሸለመው ዕድል እንጂ ችሎታ አይደለም።

ብርሃን የሁሉም ስለሆነ የማንም ጥበብ አይደለም ማለት ምን ዓይነት ሙግት ነው? ፊደልም እኮ የሁሉም ነው፤ ባለቅኔን ፊደል ለቃሚ ብሎ የናቀ ዳኛ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጋለን ሮዌል እ.ኤ.አ. በ1981 በቲቤቷ ላሳ ያነሳውን፣ ቀስተ ደመናው ከፖታላ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የፈለቀ የሚመስልበትን ፎቶ ዳኛው አላዩትም ለማለት ይከብደኛል። ሮዌል ቀስተ ደመናውን መጀመሪያ ሲያየው ከቤተ መንግሥቱ ጋር አልገጠመም ነበር። ቀስተ ደመና ደግሞ እንደ ተራራ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቆም ነገር አይደለም፤ መካከሉ ምን ጊዜም በፀሐይ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚውል፣ ቅስቱም ከዚያ 42 ዲግሪ ገደማ ስለሚርቅ፣ ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮት ይንቀሳቀሳል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሮዌል ከ3,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሚሳሳበት፣ ካሜራውን ይዞ ሮጠ፤ የቅስቱ ጫፍና ጣሪያው የሚገጥሙበትን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ሮጠ። እዚያች ቦታ ላይ ላልቆመ ሰው ያ ትዕይንት ጨርሶ አልነበረም። የማርያም መቀነት ሰማይ ላይ መታየቷ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያሳረፋት ግን የሮዌል እግርና ዕውቀት ነው። ይህን ዕድል ብሎ የሚጠራ ሰው ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚነሳ አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

የአሸዋ ክምርን በቀትር ያነሳ ሰው የሚያገኘው ወዝ የሌለው ቢጫ ንጣፍ ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ከጎን ስትመታው ግን ነፋስ የሸበሸበው እያንዳንዱ መስመር የየራሱን ጥላ ይጥላል፤ የክምሩ ጀርባም እንደ ቢላ ስለት ጥርት ብሎ ይወጣል። አሸዋው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ያን ሰዓት የመረጠው፣ ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን ተክሎ ጣቶቹ እስኪደነዝዙ የጠበቀው ማን ሆነና ነው?

ኮምፒዩተር ላይ ቀለም የተነከሩ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶዎች ማሰልቸታቸውን አልክድም። እነርሱን መጣል የዳኛ ሥራ ነው፤ ዘርፉን መሰረዝ ግን እንክርዳድ ለመንቀል ብሎ ሰብሉን ማጨድ ነው።

ብርሃኑ ለሁሉም ይወጣል የሚሉት ዳኛ፣ ሌላው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሴል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮዋ ሄርናንዴዝ መንደር የገጠመውን ያስቡ። ጨረቃ ወጥታ፣ የመጨረሻው የፀሐይ ጨረር የመቃብር ስፍራውን ነጫጭ መስቀሎች ነክቶ ሳለ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃን የድምቀት መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ አሰላና አንድ ጊዜ አነሳ። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፍቶ ነበር።