ስለ ጣቢያዎቻችን የሚያስቀና ስምምነት

የሕዝብ ቴሌቪዥንና የንግድ ቴሌቪዥን በሌላው ዓለም እንደ ጣውንት ሲናቆሩ ይኖራሉ። በብሪታንያ ቢቢሲ ለአገሩ ተመልካች ማስታወቂያ ሳያስነግር ባለ ቴሌቪዥኑ በሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያ ይተዳደራል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 የተነሣበት ተፎካካሪው አይቲቪ ደግሞ በማስታወቂያ ገቢ ይኖራል። የእኛዎቹ ግን ይህን የመሰለውን ክፉ ድንበር ካፈረሱት ቆይተዋል።

እርግጥ ሕጉ ድንበሩን አስምሮት ነበር። የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ሥርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቷል፤ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም ልዩነቱን አልተወም። ሕግ አርቃቂ ቴሌቪዥን የሚያይበት ጊዜ የለውም መሰለኝ። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው አንጋፋው ጣቢያ የሕዝብ ነኝ ብሎ ሳይኮራ የአየር ሰዓቱን ለግል አዘጋጆች ይሸጣል፤ አዘጋጁም ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ የባንኩን፣ የዘይቱንና የሪል ስቴቱን ስም በየደቂቃው ያነሣል። የንግዶቹ በበኩላቸው ትርፍ ማሳደዱ አሳፍሯቸው መሆን አለበት፣ የመሠረት ድንጋይ የተጣለበትን፣ ሪባን የተቆረጠበትንና ክቡር ሚኒስትሩ መድረክ ላይ የተናገሩበትን ሁሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከሕዝቡ ጣቢያ ባልተናነሰ ርዝመትና አክብሮት ያሳዩናል። ቃና በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይዞ ብቅ ሲል «ባህላችን ሊጠፋ ነው» የተባለውም፣ ከሌሎቹ ጋር ለመመሳሰል ባለመቸኮሉ ሳይሆን አይቀርም።

የስምምነቱ ሙሉ ውበት የሚታየው ግን በበዓል ቀን ነው። የትኛውንም ጣቢያ ብንከፍት ቀጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ያገር ልብስ የለበሱት ታዋቂ ሰዎች የልጅነት በዓላቸውን ሊያወጉን ተሰይመዋል፤ አንደኛው ትዝታውን ገና ሲጀምር አቅራቢዋ በትሕትና አቋርጣ ዝግጅቱን «ከእኛ ጋር ሆነው ያቀረቡላችሁን» ድርጅቶች አንድ በአንድ ታመሰግናለች፣ ዶሮ ወጡም ሳይቀመስ ይቀዘቅዛል። እንግዳው ወደ ትዝታው ሲመለስ እናቱን ትቶ ስፖንሰሩን ቢያመሰግን ማን ይፈርድበታል?

የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ፈቃድ ሲሰጥ «የሕዝብ ወይስ የንግድ?» ብሎ መጠየቁን ቢተው ለአመልካቹ ትልቅ ውለታ ይውልለታል፤ መልሱን ሲያስብ አንድ ሁለት ስፖንሰር ሊያመልጡት ይችላሉና።