ቬንትሌተር ለእስረኛ?

ጥያቄው፦ እስረኛ የራሱን ፍራሽ፣ ራዲዮና ቬንትሌተር ያስገባ ወይስ አያስገባ? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራከሩበት። አንዱ ተከራካሪ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ሌላዋ ለታሰረ ወንድሟ ሁለት ዓመት ስንቅ አመላልሳለች።

ባለሱቁ፦ አያስገባ። ሱቄ ተሰብሮ ዕቃዬ ሲወሰድ እኔን ማን አጽናናኝ? ምግብ፣ ውሃ፣ ሐኪም ይኑረው፣ እሺ። ከዚያ ያለፈው ቅንጦት ነው። ትንሽ ሙቀት ደግሞ ሰው አይገድልም።

ስንቅ አመላላሿ፦ «ትንሽ ሙቀት»? ይሄን የጻፈው የድሬ ልጅ ነው? ግንቦትና ሰኔ ላይ እኮ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ እኛ እንኳን አልጋ ግቢ አውጥተን ነው የምናድረው። እዚያ ግን ማታ በር ይቆለፋል። አንተ ቬንትሌተር እየሸጥክ ነው እንዲህ የምትለው?

ባለሱቁ፦ ሥራዬን ይተዉትና ዋናውን ይመልሱ። ቤተሰብ ያለው ያስገባል፣ ከገጠር መጥቶ ጠያቂ ያጣው ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ ባለቬንትሌተሩ ጌታ፣ ያኛው ልብስ አጣቢው ይሆናል። እስር ቤት ውስጥ ሌላ የሀብታም ሰፈር ከዚራና ሌላ የድሃ ሰፈር ገንደ ቆሬ ልትፈጥሩ ነው?

ስንቅ አመላላሿ፦ አንቱ አልከኝ? ድሬ ተወልደን አንቱታ ምን አመጣው! ተናደሃል ማለት ነው። «ትንሽ ሙቀት» ያልከውን ግን ዘለልከው። ደግሞ ወንድሜ አልተፈረደበትም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ያልተፈረደበት ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። እሱን ከሌባህ ጋር ምን አገናኘው?

ባለሱቁ፦ ወንድምሽን ማን አነሳው? እኔ የማወራው ስለተፈረደባቸው ነው። ፍራሽም አይግባ አላልኩም።

ስንቅ አመላላሿ፦ ከላይ የጻፍከውን ተመልሰህ አንብበው። «ከዚያ ያለፈው ቅንጦት» ብለሃል፣ ፍራሽ ምግብ ነው ውሃ? የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የማንዴላ ደንብ የሚሉት፣ እኮ ለተፈረደበትም ቢሆን የራሱ አልጋና መኝታ ይሰጠው ይላል። እዚያው ይሰጠው ነው የሚለው፣ እኔ ከቤት ተሸክሜ ላምጣ አይደለም።

ባለሱቁ፦ ደንቡን ተይው። ሱቄን የሰበረው ልጅ ተፈቶ በሬ ላይ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይሄን ታውቂያለሽ?

ስንቅ አመላላሿ፦ እና ምን ትለዋለህ?

ባለሱቁ፦ ባለፈው ቆመና ቬንትሌተር ስንት ነው አለኝ። የለም አልኩት። ከኋላዬ ሦስት ተደርድሯል።